የሚያዝያ ገጽ

ጌጡ ለሚያዝያ ወር የመረጠው ፎቶግራፍ ውስጥ የገነት እናት ትጨፍራለች። ገነት ያየችው ሬድዋን ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጦ ከከፈተው በኋላ ነው። እናቷ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ጥልፉ ገና ያልታጠበ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች። ከኋላዋ ነጭ ድንኳን አለ፤ ከድንኳኑ በላይ አዲሱ የዱቄት ፋብሪካ፣ ከጣሪያው እስከ በሩ በአምፖል ሰንሰለት ተሸልሞ። ዙሪያዋን የቆመው ሰው ያጨበጭባል። ጌጡ ከገነት ወንበር ኋላ ቆሞ፣ ካፖርቱ የነሐሴን ዝናብ ሲሚንቶው ላይ እያንጠባጠበ፣ ከዚህ የሚያምር እንደሌለ፣ እታለምም ስታየው ደስ እንደሚላት ተናገረ። እታለም የሚላት ታላቅ እኅቱን፣ የገነትን እናት ትርንጎን ነው። ሬድዋን የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረገው፤ መልሶ ከፍ አደረገው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባል ነበር፣ ዘንድሮ ግን ዝናቡ ይህን ተረት አልሰማም ብሎ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባ።

የሬድዋን ማተሚያ ቤት ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በፊተኛው ክፍል ኮምፒዩተሩና ገነት አሉ፤ በኋለኛው ማሽኑና የወረቀቱ ቁልል። ነሐሴ በገባ ቁጥር ሥራቸው የአዲሱ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። ጫማ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ እህል ነጋዴውም ስሙን አሳትሞ ለደንበኛው ያድላል። ዘንድሮ ግን ወረቀት ተወዷል። የባሕር ዳር መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የሚደርሰው ጥቂት ወረቀት አምና እጥፉን ይገዛ በነበረ ብር ይሸጣል። ሬድዋን ሰው ጨክኖ እንዲገዛው አዲስ ነገር አሰበ። በየቀኑ ቁጥር ሥር፣ በዚያ ዕለት በታሪክ የሆነውን በአጭር መስመር ማስገባት። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር የአገሩን ጻፉለት፤ ሚያዝያ 6 ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ የካቲት 12 የአዲስ አበባው እልቂት፣ ሌላም ሌላም። የከተማው ሰው ወሬውን ሲሰማ የየራሱን ይዞ መጣ። አንዱ አባቱ የመጀመሪያውን መኪና ወደ ከተማ ያስገቡበትን ቀን፣ ሌላው ገበያው የተቃጠለበትን፣ ሌላው ታቦት ከእሳት የወጣበትን። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ላማቸው መንታ የወለደችበትን ቀን አምጥተው፣ ሬድዋን እየሳቀ ይህ ታሪክ አይባልም ቢላቸው፣ “ላንተ ነው የማይባለው” ብለው ተቆጥተው ወጡ። በኋላ ገነት ላሟን አስገባቻት። ጥቅምት ውስጥ ባዶ ቦታ ነበር።

ሚያዝያ 27 ግን ባዶ አልነበረም። መምህሩ በዚያ ሣጥን ሁለት መስመር አስገብተዋል። በ1928 ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነው፤ በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡትም በዚያው ቀን ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጧት፣ አንድ ቀን አገር ወስዶ ሲመልስ እንዲህ ነው ብለው በጣታቸው መታ መታ አድርገውት ነበር። ዛሬ ጌጡ ሦስተኛ መስመር ጨመረ። “በ2011 የጌጡ ዱቄት ፋብሪካ ተመረቀ።” በድል ቀን መመረቁ በአጋጣሚ እንዳልሆነ፣ አስቦ የመረጠው ቀን እንደሆነ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። አንድ ሺህ ቅጂ የሚያሳትመው እሱ ስለሆነ ሬድዋን እሺ አለ። ከዚያ ሣጥን ቀጥሎ ያለው የ28 ሣጥን ነው። አማኑኤል ከሚለው ቃል ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ገነት በገዛ እጇ የጻፈችው የእናቷ መስመር አለ። “በ2011 የመብራት ሠራተኛው ይሻው አለሙ አረፈ።” ይሻው የገነት ታላቅ ወንድም ነው።

ይሻው የሞተው ግን በ28 አይደለም። የሞተው በ27 ነው። በዚያ ጠዋት እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የአምፖሉን ሰንሰለት ሊዘረጋ የአጎቱ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ነበርና ቆርቆሮው ረጥቧል። ዘርግቶ ጨርሶ፣ አብርቶ ሞክሮ፣ ሲወርድ ወደቀ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ቀትር ሳይሆን አለፈ። ትርንጎ ያን ጊዜ ገና ቤቷ እየለበሰች ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፤ በሬው ታርዷል፤ ከባሕር ዳር የተጠሩት እንግዶች በመንገድ ላይ ናቸው። ሽማግሎች ተሰብስበው መከሩ፤ መርዶ በቀን አይነገርም፣ እናት ናት፣ እስኪነጋ ይቆይ ተባለ። ትርንጎ ስትደርስ፣ ልጅሽ ለጄኔሬተሩ ዕቃ ሊያመጣ እብናት ሄዷል አሏት። የባለቤቱ እኅት ናትና መሐል አስቀመጧት። ከበሮ ሲመታ ተነሣች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጅሽ ሌሊቱን ታሞ ዐረፈ ተብላ ተረዳች፤ በዚያው ቀን ቀበረችው። ስለዚህ የመቃብሩ ድንጋይ 28 ይላል። ዝክሩም በ28 ነው። ገነት ያን ጊዜ ባሕር ዳር ትማር ነበር። እናትሽን አሟታል ተብላ ተጠርታ መናኸሪያው ላይ ስትወርድ፣ እውነቱን የነገራት አጎቷ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንዲት ሴት ሳታውቀው ኖረች። ማንም ተማምሎ አይደለም። ለመንገር የሚሆን ቀን አልተገኘም እንጂ።

ጌጡ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ከወጣ በኋላ ሬድዋን ተመልሶ መጣና ከገነት ፊት ቆመ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን እንደሚያስነሣ፣ መብራት ካለ በምሳ ሰዓት እንደሚጨርሱ ነገራት።  በምረቃው ቀን እሱም ነበረ፤ ለእስላሞቹ ለብቻ በተሰናዳው በኩል ተቀምጦ ነበር። ወሬው እዚያ ሲደርስ ሳህኖቹን ያነሣ ሰው እንዳልነበረ፣ ጠቦቱ በየፊታቸው እንደቀዘቀዘ አሁን ገና ነገራት። “እኔ ነጋዴ ነኝ ገነት” አለ። “ያዘዘኝን አትማለሁ። ግን ይህ ወረቀት አንድ ሺህ ቤት ይሰቀላል። ሚያዝያ ሲደርስ ወሩን ሙሉ እናትሽ በየግድግዳው ትጨፍራለች። የሚያያት ሁሉ ያውቃል። ምን ማድረግ እንዳለብሽ አላውቅም፤ እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ግን የማሽኑን ቁልፍ አልነካም።” ገጹን በትልቁ ወረቀት አትሞ፣ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ሰጣት።

ፋብሪካው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ከዳገቱ ግርጌ ነው። ገነት ጃንጥላዋን ለወረቀቱ ሰጥታ በነጠላዋ ተከናንባ ሄደች። በመንገድ ዳር የክረምት ድንች በቁና ተሰፍሮ፣ ሴቶቹ ላስቲክ ለብሰው ከኋላው ተቀምጠዋል። አንዷ የይሻውን ስም እየጠራች፣ የይሻው እኅት አይደለሽ፣ ነይ ላንቺ ልቀንስልሽ አለቻት። ይሻው ከሞተ ወዲህ ገነት በዚህ ከተማ ዕቃ በሙሉ ዋጋ የገዛችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፋብሪካው ደጃፍ ስትደርስ መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ወረፋ የያዙት ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው የስንዴ ዋጋ ይጫወታሉ። ጌጡ ሚዛኑ ባለበት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ሰፍሯል። በሃምሳ አምስት ዓመቱ የሰማንያ ሽማግሌ አስመስሎታል። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ዘረጋችው።

ፎቶው እንዲለወጥ ለመነችው። ምን አለበት አላት። ገነት ጣቷን የሰዎቹ እግር ላይ አደረገች።

“ጥላ የለውም” አለች። “ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ጥላ ረግጦ ነው የቆመው። ቀትር ነው ጋሼ።”

ጌጡ ወረቀቱን አየ። ቀትር ላይ ይሻው የት እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ከውጭ አንድ ገበሬ ሲስቅ ተሰማ። ጌጡ ወደ በሩ ሄዶ ዘጋውና፣ ፊቱን ሳይመልስ መናገር ጀመረ። ሥርዓቱን እሱ እንዳላመጣው፣ አባቶች ያቆዩት እንደሆነ፣ ሽማግሎቹን እንድትጠይቅ፣ አንዳቸውም አሁን ይነገር እንዳላሉ።

“እስኪነጋ ይቆይ ማለታቸው ሥርዓት ነው” አለች ገነት። “ከበሮው ይቀጥል ያለው ማን ነው?”

“ቢቆምስ? ምን ብዬ ላቁመው? ከበሮው የቆመ ለት ታውቅ ነበር።” ከዚያ ዞረ። “ደግሞ እኔ ያልነበርሁ መሰለሽ? አጠገቧ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። እያለቀስሁ። ላብ መስሏት በነጠላዋ ጠረገችልኝ። እንዲህ አድርጋ፣ በልጅነቴ እንደምታደርገው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እኅቴ ናት እኮ ገነት።”

ገነት ይህን አልሰማችም ነበር።  አጎቷ በየዓመቱ በ27 ለእናቷ ዱቄት እንደሚልክ፣ ያን ቀን ወፍጮውን ከቀትር በኋላ እንደሚዘጋ ታውቃለች። ለምን ታዲያ ያንኑ ቀን በሺህ ወረቀት ላይ በደስታ ሊያሳትም እንደፈለገ ጠየቀችው። ጌጡ ቅንድቡን በክንዱ ጠረገ። “የደስታ ቀን ነው ብዬ ካላጻፍሁት ሰው ሌላ ስም ያወጣለታል” አለ። “አውጥቷልም። ሲያልፉ የሚሉትን እሰማለሁ። የሬሳ ወፍጮ ይሉታል።”

“ነገ ጠዋት ሬድዋን ማሽኑን ሳያስነሣ እነግራታለሁ” አለች።

“ከማን ጋር?”

“ለብቻዬ።”

“አንድ ሰው መርዶ አያረዳም። አይሆንም እሱ። እናቷን ለብቻዋ ያረዳች የት ታውቂያለሽ?”

“እንግዲያው ነገ ያዩታል።”

መብራት መጣና ማሽኖቹ አጓሩ። ሌላ የተናገረው ካለ አልሰማችውም። ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ትታው ወጣች።

ከሥራ ስትመለስ ዝናቡ አባርቶ ጉና ላይ ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። እሷና እናቷ የሚኖሩት ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ሰፊ ክፍልና በመጋረጃ የተከፈለ ጓዳ። በግድግዳው ላይ የአምናው ቀን መቁጠሪያ፣ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን በሚስማር የተንጠለጠለ የይሻው የዕቃ ቦርሳ አለ። ትርንጎ ቦርሳውን በየሳምንቱ ታራግፈዋለች፤ ፒንሳውን ዘይት ትቀባለች፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን በቤቱ የለም። የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር አቀረበችላት። በላች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተነጋገሩ። ጎረቤታቸው ወርቅነሽ ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ሄዳ ቦታ ሞልቷል ተብላ ስለመመለሷ፣ ጌጡ ለቅዱስ ዮሐንስ በግ እገዛለሁ ስለማለቱ፣ ጣሪያው በበሩ በኩል ማፍሰስ ስለመጀመሩ አወሩ። ስለ ጣሪያ ሲነሣ ገነት እንደ ልማዷ ወሬ ለወጠች። በዚህ ቤት ጣሪያ የሚጠግን ሰው ሲጠራ ገነት ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እስኪወርድ አትመለስም።

“የይሻውን አስገባሽልኝ?” አለች ትርንጎ ድንቹን እየላጠች።

“አስገብቻለሁ እማ።”

“መብራት የሚለውን?”

“አዎ፣ የመብራት ሠራተኛው ይላል።”

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ንጉሡም፣ ጣሊያኑም፣ የሷም ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ መዋላቸው እንደሚገርማት ተናገረች። ሚያዝያ ሲመጣ ሌላው የማያውቀው ድካም እንደሚሰማትም ነገረቻት። ከዚያ ድንቹን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“አንድ የማይገባኝ ነገር አለ” አለች። “ሰው የሚጠይቀኝ በ27 ነው። ወርቅነሽ እንኳ በ27 መጥታ ቀኑን ሙሉ አትለየኝም። በ28 እኔ ዝክሬን ደግሼ ሳበላ ግን ዓይኔን የሚያየኝ የለም። በልተው ቶሎ ይሄዳሉ። ምን አድርጌያቸው ነው እላለሁ።”

ገነት ሳህኖቹን አነሣች። በዚህች ሰዓት አፏን ብትከፍት ሁሉም ነገር ይወጣ ነበር። ግን ምሽት ነው፤ እናቷ ከፊቷ ሌሊት አለባት። ይህን ስታስብ ደንገጥ አለች። ሽማግሎቹም ያን ቀን ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ሳህኖቹን አጥባ ጨርሳ፣ ደግማ አጠበቻቸው።

ዶሮ ሲጮህ ገነት ለብሳ ነበር። በጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆማ የመጀመሪያውን ቃል ትፈልጋለች። እማ ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይመጣላትም። መርዶ የሚያረዳ ሰው ከውጭ ይመጣል፤ በር ያንኳኳል፤ ያንኳኳበት ሰዓት ራሱ ግማሹን ይናገርለታል። እሷ ግን ቤት ውስጥ ናት። ወጥታ በራሷ በር ላይ ታንኳኳ እንደሆነ እያሰበች ሳለ፣ ከውጭ ተንኳኳ።

ከትርንጎ ቀድማ አልደረሰችም። እናቷ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ከፊቷ በጭጋጉ ውስጥ ጌጡ አለ። ከጎኑ የንስሐ አባቷ ቄስ አዳነ፣ መስቀላቸውን በደረታቸው ይዘው። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ። ከአጥሩ በኩል ወርቅነሽ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ገነት ወዲያው አወቀቻቸው። እናቷ ደጋግማ እንደነገረቻት፣ ከስድስት ዓመት በፊት በዚህ በር የቆሙት እነዚሁ ናቸው፤ አቋቋማቸውም ያው ነው። ከሁለቱ ሽማግሎች አንዱ በመካከሉ ስላረፉ በቦታቸው ልጃቸው ቆሟል። ጌጡ ሌሊቱን በየቤታቸው እየዞረ ሰብስቧቸዋል። አንድ ሰው መርዶ አያረዳም።

ትርንጎ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ዞራ ገነትን አየች፤ አይታ ትንፋሿን አወጣች።

“የኔዋ ይቺውና” አለች። “ሌላ ማን ቀርቶኛል? ማን ሞተብኝ?”

ቄስ አዳነ ቁጭ በይ አሏት። አልተቀመጠችም። ጌጡ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ።

“ይሻው ነው እታለም።”

“ይሻውማ ሞቷል” አለች ትርንጎ፤ ለሕፃን እንደሚነግር ሰው፣ ቀስ ብላ። “ሞቷል እኮ ጌጡ። ምን ሆነሃል?”

“በ28 አይደለም የሞተው። በ27 ነው። ፋብሪካው በተመረቀ ቀን። ከኔ ጣሪያ ወድቆ ነው። ቀትር ሳይሆን ነው ያለፈው። አንቺ ስትመጪ ሞቶ ነበር።”

ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የኪዳን ደወል ተሰማ። ትርንጎ በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች ቄሱን አየች። እሳቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ የአርባውን ፍትሐት ያደረሱት ከሷ ቀን አንድ ቀን ቀድመው እንደነበር፣ በማግስቱ ለሷ እንደደገሙት ተናገሩ። ወርቅነሽን አየች፤ ወርቅነሽ ወደ አጥሩ ዞረች። ገነትን አየች፤ “እኔም አውቅ ነበር እማ” አለች ገነት። ከዚያ ትርንጎ ከበሩ ላይ እጇን ለቀቀች። ሁለቱም እጆቿ፣ እሷ ሳታዝዛቸው፣ ቀስ ብለው ወገቧ ላይ ወጡ፤ በፎቶው ላይ ባሉበት ቦታ ጥቂት ቆዩ። ያየችው ገነት ብቻ አይደለችም። ጌጡ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጭቃው ላይ።

ጎረቤት በሩ መከፈቱን ሰምቶ መሰብሰብ ጀመረ። መርዶ መስሏቸው እየሮጡ ይመጡና፣ የማን እንደሆነ ሲሰሙ ባሉበት ይቆማሉ። በዚህ ሰፈር የሞተ ሁሉ ይለቀስለታል፤ ይህን ግን ከስድስት ዓመት በፊት አልቅሰውለት ጨርሰዋል፤ ደግመው እንዴት እንደሚጀምሩት የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል። ትርንጎ ወደ ቤት ገብታ ነጠላዋን አወለቀችና፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። ተመልሳ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

“ግቡ” አለቻቸው። “እናንተ ባለቀሳችሁበት ቀን እኔ ጨፍሬበታለሁ። አሁን ተራዬ ነው።”

አለቀሰች። የመጀመሪያው ዕለት እንዳለቀሰችው አይደለም። ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ገነት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ስትይዝ፣ ስሙን እየጠራች ሰዓቱን እንደምትቆጥር ሰማች። ጠዋት ነጠላዬን ስፈልግ። በመንገድ ሳለሁ። ድንኳን ስገባ። በሬው ሲቆረጥ። ሰው አላቋረጣትም። ቆጥራ ከበሮው ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ፀሐይ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ሳንቲም ብቅ ስትል ሰው መነሣት ጀመረ፤ በ28 እንደሚያደርጉት ግን አልተጣደፉም። እያንዳንዱ ሲወጣ ዓይኗን አየ።

ጌጡ ከካፖርቱ ውስጥ ወረቀቱን አወጣ። በማእዘኑ ዱቄት ነበረበት። የፋብሪካውን መስመር እንደሚያወጣው፣ ፎቶውንም እንደሚያስቀረው፣ አሁኑኑ ለሬድዋን እንደሚደውል ተናገረ። ትርንጎ ወረቀቱን ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ማንበብ አትችልም፤ ገነት ሣጥኖቹን በጣቷ አሳየቻት። ጣሊያን የገባበት። ንጉሡ የተመለሱበት። ወፍጮው። ከጎኑ ይሻው።

ትርንጎ ወፍጮው መከፈቱ እውነት ስለሆነ እንዲቆይ አለች። የይሻው ከወፍጮው በላይ እንዲጻፍ፣ ሰዓት ስለሚቀድም። በ28 ሣጥን ደግሞ ዐረፈ የሚለው ወጥቶ ተቀበረ እንዲባል፤ እሱን በገዛ እጇ አፈር ስላለበሰችው ያን ቀን ማንም ሊወስድባት እንደማይችል ተናገረች። ገነት ሰዓቷን አየች። ወደ ሁለት ሰዓት እየተጠጋ ነው። ጫማዋን ስታደርግ፣ እናቷ ወደ ፎቶው ጎንበስ ስትል አየች። ከጣሪያው ጀምራ፣ በጣቷ ጫፍ፣ የአምፖሎቹን ሰንሰለት እስከ በሩ ተከተለችው።

“በርተዋል” አለች። “በጠራራ ፀሐይ።”

“አብርቶ ትቷቸው ነው” አለ ጌጡ። “ያጠፋቸው ሰው አልነበረም።”

ጣቷ ከአምፖሎቹ ወረደና፣ ድንኳኑን አልፎ፣ መሐል ላይ ወደቆመችው ሴት መጣ። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ ቀሚሷ አዲስ ነው። ትርንጎ ብዙ አየቻት። ጌጡ ወረቀቱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ ይህችስ ትውጣ፣ ለሬድዋን ሌላ ፎቶ እሰጠዋለሁ አለ።

“ተዋት” አለች ትርንጎ። “ተዋት ጌጡ። እሷ ምን አጠፋች? አታውቅም።”